የማኅደር ሦስተኛ ሙከራ

ካሜራ ሁሉ ከዚህ በፊት የተነሣን ፎቶ የሚመስል ፎቶ እንዳያነሣ በሕግ ከተከለከለ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የወይንሸት የመጀመሪያ ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላው ኳስ ታቅፎ ፈገግ በማለቱ ሳይነሣ ቀረ፤ ፍሬሙ እስካሁን ሳሎን ውስጥ ባዶውን ተሰቅሏል። ለአንድ ልጅ የሚፈቀደው ሦስት ሙከራ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለተኛ ልጇን ትንሿን ማኅደርን ደሴ ወደሚገኘው የጋሽ ይልቃል ፎቶ ቤት የወሰደቻት ቅርጫት፣ ሳፋና ወንፊት ተሸክማ ነው።

መጀመሪያ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጧት።

«ተነሥቷል» አለ ካሜራው።

ቀጥለው ሳፋ ውስጥ አስገቧትና ራሷ ላይ ወንፊት ደፉላት።

«ተነሥቷል። አንድ ሙከራ ይቀራል።»

«ወንፊት የደፋ ሌላ ልጅ አለ እንዴ?» ብላ ጮኸች ወይንሸት።

«ሐረር ሁለት አሉ» አሉ ጋሽ ይልቃል ስክሪኑን እያዩ። «እናት ሁሉ የምታስበው አንድ ነው፣ ልጄ።»

ሌላ ዘዴ ቢያጡ ሕፃኗን ሊመርቋት ጎንበስ አሉ። «እደጊ፣ ተመንደጊ! እንትፍ፣ እንትፍ!»

ማኅደር አፋቸውን በጥሞና አየች። ከዚያ ጉንጯን ነፋችና አፏ ውስጥ የቀረውን አጥሚት በሙሉ ኃይሏ ፊታቸው ላይ «እንትፍ!» አለችው። ወይንሸት ሳታስብ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች።

«አዲስ ነው» አለ ካሜራው።

«ምን አዲስ ነው፣ ከእኔ ኮርጃ!» አሉ ጋሽ ይልቃል አጥሚቱን ከቅንድባቸው እየጠረጉ።

«ዝም ይበሉ ጋሼ፣ እንዳይሰማዎት!» አለች ወይንሸት በሳቅ እየተንፈራፈረች።

ማኅደር ሥራዋ መወደዱን አይታ ደገመችው። «እንትፍ!»

«ተነሥቷል» አለ ካሜራው።