ሦስት ቋጠሮ

ክሩ ሦስት ቦታ ተቋጥሯል። ልብስ ሰፊዋ ከባሏ እህት ሽርጥ ኪስ መዝዛ አወጣችውና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ቀይ ነው።

«አላልኩሽም?» አሉ ከኋላዋ የቆሙት እትዬ ራእይ። ስማቸው ይህ አይደለም፤ የጸሎት ቡድኑ ያወጣላቸው ነው። ትናንት በጸሎት መሀል ትከሻዋን ይዘው «ማህፀንሽን ያሰረችው አብራሽ ያለች ናት፤ የተቋጠረ ክር ታገኛለሽ» ብለዋት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ልጅ ስትለምን፣ ሁለት ጊዜ ጽንስ ጨንግፎባታል። ቁስሏ ላይ ነው የነኳት።

«አሁን ምን ላድርግ?»

«ሳትመለስ ልብሷን ሰብስቢና በር ላይ አስቀምጪላት። ክሩን አቃጥይው። ጌታ ያለው ይኼንን ነው።»

የባሏ እህት የኮት ቁልፍ ልትገዛ ወጥታለች፤ አሁን ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስለምትሠራ አፏ ለወሬ አይመችም፤ ሁሉም «ዝምታ» ነው የሚላት። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከዚህ ቤት ሌላ መግቢያ የላትም።

ልብስ ሰፊዋ መሳቢያውን ስባ ክብሪቱን አወጣች። ክብሪቱ እዚያ የሚቀመጠው ለሥራ ነው። ነጋዴ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ብሎ ሲምልላት ከጨርቁ ዳር አንድ ክር መዝዛ ታቃጥላለች። እውነተኛው ሱፍ ጸጉር ጸጉር ይሸታል፤ ከዚያ አመድ ሆኖ በጣቷ መሀል ይበተናል። የውሸቱ ግን ይቀልጣል፣ ይጠጥራል፣ ጣት ላይ ተጣብቆ ይለበልባል። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ነጋዴ ሸውዷት አያውቅም።

ክብሪቱን ጫረች። ጫረችና እሳቱን እያየች ቀረች።

እግዚአብሔር ከዚህ በፊትም ተቆጥቷት ያውቃል። ባለፈው ዓመት በካውያ ያቃጠለችውን ቀሚስ ምንም እንዳልሆነ አስመስላ ለደንበኛዋ ስታስረክብ ሦስት ቀን ምግብ አልበላ ብሏት ነበር። አንገብግቧታል። ግን ያ ቁጣ ጎትቶ የወሰዳት ደንበኛዋ በር ድረስ ነው፤ ይቅርታ ጠይቃ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ እየዘመረች ነው የመጣችው። የትናንቱ ቃልስ ወዴት ወሰዳት? ዝምታ የቀዳችላትን ሻይ መርዝ ይኖረዋል ብላ ደፋችው። ልትጸልይ ብትንበረከክ አንደበቷ ተሳሰረ። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ጠጥሮ ይለበልባታል።

እሳቱ ጣቷን ሊነካት ሲል እፍ ብላ አጠፋችው።

«ምነው?» አሉ እትዬ ራእይ።

«እትዬ፣ ጌታ ስለ እሷ ሌላ ምን አለዎት? እንድትመለስ፣ እንድትድን?»

«ስለ እሷማ ምንም። ትውጣ ነው ያለው።»

«ደግሞስ ልብስ ሰፊ ቤት የተቋጠረ ክር ታገኛለሽ ማለት፣ ወፍጮ ቤት ዱቄት ታገኛለሽ እንደ ማለት አይደለም እንዴ?» ይህን ስትል ሳቋ አመለጣት። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው፤ የታሰረው አንደበቷም አብሮ ተፈታ። ጠላቷ የት እንደቆመ አሁን ታያት። ሽርጡ ኪስ ውስጥ አይደለም፤ እዚሁ የራሷ ጆሮ ሥር ሲያንሾካሹክ ነው የዋለው።

እጇን ወደ ላይ አነሣች። «በኢየሱስ ስም!» ብላ ስትጮኽ መቀሶቹ ጠረጴዛው ላይ ተንኳኩ። «ከእህቴ ጋር ልታባላኝ የመጣህ፣ ይህን ቤት ልቀቅ! ውጣ!»

«አሜን! እንዲያ ነው!» አሉ እትዬ ራእይ እያጨበጨቡ። ከዚያ ነገሩ ገባቸውና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «እኔን ነው?»

«ኧረ እርስዎን አይደለም፤ ከእርስዎ ጋር ምን ጠብ አለኝ? ጥርጣሬውን ነው። ይቀመጡ እትዬ።»

ደስታው ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት። በሩ ሲከፈት ገና እጇ እንደተነሣ ነበር። ዝምታ የቁልፍ ከረጢቱን አንጠልጥላ ገባች፤ ክሩን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት። ምን እንደሆነ ግን አልጠይቅሽም። ምንም ይሁን ምን ይህ ቤት ቤትሽ ነው፣ አንቺም እህቴ ነሽ። ትናንት ሻይሽን ደፍቼዋለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

«ለሻይ ነው እንዲህ የምትጮኺው? እታች መንገድ ድረስ ይሰማል እኮ!» ዝምታ ክሩን ከእጇ ተቀበለቻት። «እንግዲህ ከነቃሽብኝ አይቀር፣ ክንድሽን ዘርጊ።»

የመጀመሪያው ቋጠሮ ትከሻዋ ላይ ዐረፈ። ሁለተኛው ልክ ክርኗ ላይ፣ ሦስተኛው የእጇ አንጓ ላይ።

«ተኝተሽ ነው የለካሁሽ። ቁጥር ብጽፍ የራስሽን ልክ የት ይጠፋሻል? እማዬ ታደርግ እንደነበረው በክር ያዝኩት። ለሰው ሁሉ ኮት ትሰፊያለሽ፤ የአንቺ ኮት ግን ክርኑ ተቀዷል። ቁልፎቹም ያንቺ ናቸው።»

ዝምታ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። ልብስ ሰፊዋ ክንዷን እንደዘረጋች እንባዋ ወረደ፤ ልትጠርገው ብላ እጇን ስታጥፍ ክሩ ተንሸራተተ። «አትንቀሳቀሺ» አለቻት ዝምታ።

እትዬ ራእይ ከወንበራቸው ተነሡ። ጠጋ ብለው ሦስተኛውን ቋጠሮ አንሥተው አንጓዋ ላይ መለሱና፣ ተለክቶ እስኪያልቅ ድረስ በሁለት ጣታቸው ያዙላቸው።