የእነ ዘገየ ትል ተሸካሚ

በሁለት ሺህ ዘጠና ዓመተ ምሕረት በጉማራ ወንዝ ዳር የሆነ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ።

ያኔ ለጉበት ትል መድኃኒት አልሠራ ስላለ፣ የቤተሰቡ ትል ሁሉ በመርፌ ተለቅሞ ለአንድ ተሸካሚ ይሰጣል። የእነ ዘገየ ተሸካሚ ሚስቱ ስንቅነሽ ናት። ዓይኗ እርድ መስሏል፤ ሆዷ ተነፍቶ መቀነቷ አልደርስ ብሏል። ዘገየ ግን ዛሬም፣ ከወንዙ የነቀለውን ቄጤማ፣ ቄጤማው ትል እንዳለበት እያወቀ፣ ነጭ ነጩን እያኘከ ገባ።

«ሌላ ሰው ካልተረከበኝ ሳምንት አልቆይም ብለውኛል» አለችው። «ተው አንተ ሰው፣ የምታኝከው እኮ እኔን ነው!»

«ኧረ ይጣፍጣል አንቺ!» ብሎ ሳቀ።

ሐኪሟ መርፌዋን ይዛ ገባች። «ማን ይረከባታል?»

ዘገየ ቄጤማውን ጣለና ክንዱን ዘረጋ። «በሉ፣ ወደ እኔ ይዙር።»

ከዚህ ሁሉ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘገየ ክንዱን አልዘረጋም።