ላንቃ ላይ የሚረጋ

ኤሌኒ የሽሮውን ድስት ከትሪው ላይ ስታነሳ አባቷ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልለው ነበር። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምነው፣ ዝንብ ገባበት?» አሉ አቶ ደምሰው።

«አትብላው፣ አባዬ።»

ድስቱን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ተመልሳ ተቀመጠች። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ «ቅቤ ይቅርብዎ» ባለ ጊዜ፣ መካኒሳ ገበያ ሠላሳ ዓመት ቅቤ የሸጡት ሰው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። ኤሌኒ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናትና መላ አላጣችም። በቆርቆሮ የሚመጣውን የሚረጋ ዘይት ገዝታ፣ በኮረሪማ፣ በአብሽና በኮሰረት ልክ እንደ ቅቤ አነጠረችው። «ሐኪሙ ቅቤ ጥቂት ጥቂት ፈቅዶልሃል» ብላም አቀረበችላቸው። ከአትክልት የተሠራ ነው፤ ምን ይጎዳል?

ዓርብ ዕለት ግን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ አንድ የሕክምና መጽሔት አነበበች። ሁለቴ አነበበችው፤ ቁጥሮቹንም ቀዳች። ፈሳሹ ዘይት በፋብሪካ እንዲረጋ ሲደረግ የስቡ ቅርጽ ይለወጣል፤ የተለወጠው ስብ ደግሞ ልብን ይጎዳል። አንዳንዱ ቆርቆሮ ውስጥ ካለው ስብ ሲሶው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ነገረቻቸው። ማታለሏንም ነገረቻቸው፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ።

አቶ ደምሰው ጉርሻውን ቀስ ብለው ትሪው ላይ መለሱት። ቅቤ አለመሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚያውቁ ነገሯት። ቅቤ አፍ ውስጥ ይቀልጣል፤ ይሄ ላንቃ ላይ ይረጋል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ያን ሁሉ ቅመም ፈጭተሽ፣ ዓይንሽ በጭስ ቀልቶ፣ ይኸው ቅቤህ ስትዪኝ ምን ልበል፣ ልጄ?»

እናቷ ወይዘሮ ተሾመች ከጓዳ ሆነው፣ «እኔንም ዝም በይ ብሎኝ ነው» አሉ።

አባቷ ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ ፊታቸው ላይ ከሁለት ዓመት ወዲህ ያላየችው ነገር በራ።

«እንግዲያው ጥፋተኛው ቆርቆሮው ነዋ። ቅቤ ነጻ ወጣች።»

አዎ ብትላቸው ምንኛ ደስ ባላቸው። ያነበበችው ግን እንደዚያ አይልም። ያ የተለወጠ ስብ ቅቤም ሥጋም ውስጥ እንዳለ ነገረቻቸው፤ ላሟ የበላችው ሣር ሆዷ ውስጥ ሲብላላ የሚፈጠር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስቡ ከመቶው ከሁለት እስከ ስድስት እጅ። ያ ጥቂቱ ይጉዳ አይጉዳ ገና አልተለየም። ቀሪው የቅቤ ስብ ግን ያው ሐኪሙ የከለከለው ነው።

የበራው ነገር ጠፋ። እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ትሪውን ያዩ ጀመር።

ኤሌኒ ጠጋ ብላ ሌላ ሐሳብ አቀረበችላቸው። ነገ አብረው ሐኪሙ ዘንድ ሄደው ይጠይቃሉ። ከፈቀደ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያልተከመረች፣ ከጠርዟ የማታልፍ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ።

«ምራቂስ?» አሉ። ገበያ ላይ ሳሉ ለደንበኛቸው ከሚዛን በላይ ጨምረው ሳይሰጡ ሸኝተው አያውቁም።

«ምራቂ የለውም፣ አባዬ።»

አቶ ደምሰው ወደ ጓዳው ዞረው ወይዘሮ ተሾመችን የሻይ ማንኪያ አምጪልኝ አሏቸው። ባዶዋን ማንኪያ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ጥልቀቷን አዩ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በጠርዟ ላይ አሳልፈው፣ የሌለውን ክምር ጠረጉት።