ዜሮው የእኔ ነው

«ስድስት እጥፍ መጣብኝ» ትላለች ልጄ የትናየት እስክሪብቶዋን ወርውራ። «ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም። ነገ አልፈተንም፣ እማዬ።»

የፊዚክስ አስተማሪው አባቷ፣ ቢራራ፣ ካረፈ ወዲህ መጽሐፉን የገለጠችው ዛሬ ነው። እኔ ፊዚክስን ክፍል ገብቼ አልተማርኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን እዚህ ሲያስጠና፣ ባቄላ እየለቀምኩ የሰማሁትን ነው የማውቀው።

ጥያቄውን አየዋለሁ። ሦስት እኩል ቻርጆች በእኩል ርቀት ተቀምጠዋል፤ ጠቅላላ ፖቴንሻል ኢነርጂያቸው የአንዱ ጥንድ ስንት እጥፍ ነው?

«ተነሺ፣ ውጭ እንውጣ። እማሆይም ይምጡልን።»

ሊያጽናኑን የመጡት ጎረቤታችን እማሆይ አመተ ማርያም ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ። «በዚህ ጉም? ምን ልሆን?»

«ቻርጅ።»

«መነኩሴ መሆኔ አይበቃም?»

የትናየት ሳታስበው ትስቃለች።

ደጅ ቆመን፣ ቢራራ እንደሚያደርገው እነግራታለሁ። ቻርጆቹ ከሩቅ አንድ በአንድ ይመጣሉ። የሚገባው፣ ውስጥ ካገኘው ሁሉ ጋር ሰላምታ አለበት፤ ሥራው፣ ኢነርጂው እሱ ነው። የተቀመጠው «ኖር!» ብሎ ይነሳል፤ ገቢው «በእግዜር!» ብሎ ይመልሳል።

«አንቺ ኖሩንም በእግዜሩንም ለየብቻ ቆጠርሽ። የሁለቱ ሰላምታ አንድ ነው።»

ጣቷን ታጥፋለች። «ሁለተኛው ሲገባ አንድ። ሦስተኛው ሲገባ ሁለት። በቃ፣ ሦስት!» ፊቷ ይፈታል። «መልሱ ሐ ነው። ነገ በጠዋት ቀስቅሺኝ።»

«የመጀመሪያውሳ?» ይላሉ እማሆይ።

«ባዶ ቤት ነው የሚገባው። ዜሮ።»

«ዜሮው የእኔ ነው» እያለ ቀድሞ የሚገባው ሁልጊዜ ቢራራ ነበር። ከዚያ ተማሪዎቹ ተራ በተራ ሲገቡ፣ ጉልበቱን እያመመውም ከወንበሩ ብድግ እያለ «ኖር!» ሲላቸው እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር።

አሁን ሦስታችንም በሩ ላይ ቆመናል። ቀድሞ የሚገባ የለም። እማሆይ እኔን ያያሉ፣ እኔ መሬቱን።

የትናየት ነጠላዋን ታስተካክልና ትገባለች። የጫማዋ ድምፅ ጥቂት ይሰማል፣ የአባቷ ወንበር ዘንድ ሲደርስ ይቆማል።

«በእግዜር» ስትል እንሰማለን። «አትነሳ፣ አባዬ።»

ተራው የእኔ ነው። እማሆይ በክርናቸው ጎሸም ያደርጉኛል። እኔ ግን አባትና ልጅ ጥቂት ይጫወቱ ብዬ፣ እጄን መዝጊያው ላይ እንዳደረግሁ እቆማለሁ።