አንድ ሰው ጎድሏል

አዛውንቱ ቀኑን ሙሉ ከወጣት ተጓዦቹ ኋላ ሲያዘግሙ ዋሉ። ወንዙን ተሻገሩ፤ ተራራውን ዞረው ሳይጨርሱ ግን ጉልበታቸው ከዳቸው። አስጎብኚዋ "አባባ፣ በአቋራጭ ልመልስዎት?" ብትላቸው፣ "የለም ልጄ፣ ዙሩን መጨረስ አለብኝ" አሏት።

አመሻሽ ላይ ወደ ተነሡበት ተመልሰው አውቶቡሱ ውስጥ ሲገቡ ስም ተጠራ።

"ምንትዋብ ታምራት!"

የሚመልስ ጠፋ። አስጎብኚዋ ደነገጠች፤ ጠዋት የልጅቷን ቲኬት በእጇ ተቀብላለች።

"ተራራው ላይ ቀርታ ይሆን እንዴ?" ብላ ልትወርድ ስትል አዛውንቱ ክንዷን ያዙ።

"አልቀረችም። በእሷ ቦታ የመጣሁት እኔ አባቷ ነኝ።"

"ውይ፣ አስደነገጡኝ! እሷ ምነው ቀረች?"

"ሳትታመም ነበር የተመዘገበችው" አሉ አዛውንቱ። "ትናንት አርባዋን አወጣን።"