የማያሳክክ ብርድ ልብስ

ልጆቼ፣ የኢንተርኔት ፍለጋው ሕግ ከተለወጠ ወዲህ ድረ ገጽ ላይ ቃል መደርደር ቀርቷል። አሁን መፈለጊያው በስልክ በኩል የሚያዳምጠው የባለሱቁን አፍ ነው። ያስመዘገባቸውን ቃላት ከሌሎች ነጋዴዎች አብልጦ የደጋገመ ባለሱቅ፣ ሰው ዕቃ ሲፈልግ ቀድሞ ይወጣል።

ጎረቤቴ ወንድይፍራው እዚህ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይሸጣል። ባለፈው ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ «እግዜር ያጥናችሁ፣ ምርጥ ብርድ ልብስ በደብረ ብርሃን» ሲል ሐዘንተኞቹ ሳይቀሩ ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ምሳ ላይ ደግሞ ሚስቱን፣ «ምርጥ ብርድ ልብስ፣ እስቲ ጨው አቀብይኝ» አላት።

«ስም የለኝም እንዴ? ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቀን አስካለ ብለኸኛል? በል፣ ስሜ ትዝ እስኪልህ እናቴ ቤት ነኝ» ብላ ተነሳች።

ወንድይፍራው ደነገጠ። «ዝም ካልኩኮ ከነሱቄ ጠፋሁ። ገዢ በምን ያገኘኛል?»

«ገዢ መቼ ምርጥ ብሎ ይፈልጋል? ምርጥ የሚለው ባለሱቅ ሁሉ ነው። እኔ ሱቅ ስቀመጥ የሚጠይቁኝ የማያሳክክ አለ ወይ ብለው ነው።»

በዚያው ቀን «የማያሳክክ ብርድ ልብስ» ብሎ አስመዘገበ። ይህን የሚል ሌላ ባለሱቅ ስለሌለ፣ ጠዋት አንዴ መናገሩ በቂ ሆነ። ገዢውም መጣ፣ አስካለም እናቷ ቤት መሄዱን ተወችው።

ትናንት በአጥሩ በኩል ሰማኋቸው። «አስካለ፣ አስካለዬ፣ አስኩ» ይላታል።

«ኧረ በእናትህ፣» አለችው፣ «ትንሽ ስለ ብርድ ልብሱ አውራ።»