ቁጥር አሥራ ሰባት

አዲሱ አንቲቦዲ በበረዶ ታሽጎ ሰኞ ጠዋት ቤተ ሙከራው ደረሰ። በሴሎች ገጽ ላይ ያለ አንድ ኢንዛይም ፈልጎ የሚይዝ ነው፤ ካገኘው ናሙናው የተለጠፈበት የመስታወት ስላይድ ቡናማ ይሆናል። ጋሽ ይርዳው ግን አዲስ ብልቃጥ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ በቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ካልሞከረው አያምነውም። ቁጥር አሥራ ሰባት በሰም ውስጥ የተቀመጠች የዕጢ ቁራጭ ናት። ኢንዛይሙ እንዳለባት ስለሚታወቅ፣ እሷ ቡናማ ካልሆነች ጥፋቱ የአንቲቦዲው ነው።

"እሷ ዋሽታኝ አታውቅም" ይላል፣ ሰሙን በመዳፉ ይዞ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ስትቆረጥ ስትቆረጥ የምስር ፍሬ አክላለች። ሌላ ሰው ቢሆን ለጥንቃቄ ሦስት አራት ስላይድ ያወጣ ነበር። እሱ አንድ ብቻ ይቆርጣል፤ ሲቆርጥም ትንፋሹን ይይዛል።

"ጋሽ ይርዳው፣ እሷ እኮ አለቀች" አለችው በቅርቡ የተቀጠረችው ተመራማሪ ፌቨን። "ሌላ እንፈልግ።"

"ትንሽ ቀርታለች" አላት። "በስሱ እቆርጣታለሁ።"

ፌቨን ከዚያችው ታካሚ የተወሰደ ተጨማሪ ናሙና ሆስፒታሉ ጋር ይኖር እንደሆነ ለመጠየቅ ብላ፣ ማንም የማይገልጠውን የድሮ መዝገብ ከመደርደሪያው አወረደች። ከየቁጥሩ ጎን የታካሚው ስም ተጽፏል። በጣቷ እየተከተለች አሥራ ሰባት ላይ ደረሰች።

ሶስና ይርዳው። ዕድሜ፦ አሥራ አንድ።

ከኋላዋ የመቁረጫው ማሽን እጀታ አንዴ ዞረና ቆመ።